አንድ ጎኑ ያዘነበለ ቃሬዛ

ዘወንጌል የለም። ከሄደ ብዙ ዘመን ሆነው፤ መቃብሩ እንኳ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።

ጠጋ በሉ እስቲ። በሩ ተዘግቷል? በበሩ በኩል የተቀመጠው ማነው? አንተ ነህ? አይዞህ፣ ጨለማውን አትፍራ። ጨለማ ምን አለው? ሲጨልም ሰው ቤቱ ይገባል፣ ሰው ወደ ሰው ይጠጋል፣ አሁን እኛ እንደተጠጋነው። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በጨለማ አይደለም። በቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ወፍ ዝም ሲል፣ ከብት ጥላ ፈልጎ ሲተኛ፣ መንገዱ ጭር ሲል። ያን ሰዓት ታውቁታላችሁ? ያን ሰዓት የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። ጥላ ያለውንና ጥላ የሌለውን መለየት አይቻልም። ይህን ያዙልኝ።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ፣ ነገሥታቱ በድንኳን ካገር አገር በሚዞሩበት ዘመን። አንድ መንደር ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ የሚያውቁትም አይጠሩትም። ከላይ ገደል፣ ከታች ወንዝ፣ በመካከል መንደሩ። ወደ ገደሉ የሚያወጣው አንድ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው።

በዚያ መንደር ቸነፈር ገባ።

እንዴት ገባ? ማንም አላየውም። መጀመሪያ አይጦች ከየጎተራው እየወጡ በጠራራ ፀሐይ ሞቱ። ሰው ሳቀ። ድመቶቻችን ሥራ ፈቱ ተባለ። ከዚያ አንድ ሸማኔ ራሴን አለና ተኛ። ብብቱ ሥር ንፍፊት ወጣበት፣ እንቁላል የሚያህል። ሸማኔው ሞተ። የገነዙት ሞቱ። ያለቀሱለት ሞቱ። ቄሱ ሞተ፤ ቄሱን የፈታው ቄስም ሞተ። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ። ገበያው ቀረ። ገብሱ ደርሶ አጫጅ አጣ፣ ወፍ በላው። በሬዎቹ ጌታ አጥተው በየደጁ እየዞሩ ይጮሁ ነበር። ባለ ርስቱም ሞተ፣ ሎሌውም ሞተ፤ ባንድ ጉድጓድ ገቡ።

ሰው ሲፈራ ምን ያደርጋል? ጥፋተኛ ይፈልጋል። ጨው ይዞ የመጣ አንድ መንገደኛ ነበር። አንተ ነህ ያመጣህብን ብለው ያደረበትን ጎጆ አቃጠሉበት። ቸነፈሩ ቀረ? አልቀረም።

ግን ከዚህ ሁሉ የከፋው ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ሰው የሰው ቃሬዛ መሸከም ተወ።

እናንተ ታውቁታላችሁ። ሬሳ በመንገድ ሲያልፍ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? የያዘውን መሬት ያስቀምጣል። ከመንገዱ ዳር ይቆማል። ከዚያ ጠጋ ይልና የደከመውን ይተካል፣ ትከሻውን ያስገባል። ሟቹን ባያውቀውም ያደርገዋል። ሟቹ ጠላቱ ቢሆንም ያደርገዋል። ይህን ማንም ለማንም አያስተምርም፤ ትከሻ ራሱ ያውቀዋል። በዚያ ዓመት ግን ቃሬዛ ያየ ሰው ሮጠ።

ዘወንጌል ሚስት ነበረችው፤ ትርሲት ትባላለች። ሞተች። ቃሬዛ የሚይዝለት ሰው ፍለጋ በየደጁ ዞረ። የከፈተለት የለም። አብሮ አደጉ በግድግዳው ስንጥቅ ሆኖ፣ ወንድሜ ተወኝ፣ ልጆች አሉኝ አለው። ዘወንጌል አልተቀየመውም። ልጅ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ተመለሰና የቃሬዛውን ሁለት እጀታ ይዞ፣ ወደ ኋላው እየሄደ፣ ብቻውን ጎተታት። የቃሬዛው ሌላው ጫፍ መሬቱን እየቧጨረ ተከተለው። እንጨት ድንጋይ ሲቧጭር ሰምታችኋል? ያ ድምፅ ከጆሮው አልወጣም። ተኝቶ ይሰማዋል፤ ነቅቶም ይሰማዋል።

የተረፉት ሰዎች ወደ ገደሉ ዋሻ ሸሹ። ዘወንጌልም ሴት ልጁን ጸዳለን አዝሎ ወጣ። ጸዳለ ገና አፏን መፍታቷ ነው። አጥርታ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አባ» ትላለች።

ወደ ዋሻው የሚያስገባውን መንገድ በእሾህ ዘጉት። እሾሁ ዘንድ እማማ ሐመልማል ተቀመጡ። አሮጊት ናቸው፤ ግን ከዓይናቸው የሚያመልጥ ነገር የለም። ሕግም ወጣ። እህል ከመንደሩ ዳር፣ ከወንዙ በላይ ባሉት ጉድጓዶች ነው ያለው፤ እሱን ለማምጣት መውረድ ግድ ነው። የሚወርዱት ግን ሁለት ሁለት ሆነው ነው። ለምን ሁለት? ለሸክም? አይደለም። ለአውሬ? አይደለም። አንዱ ያንዱን እጅ እንዲጠብቅ ነው። ሰው እጁን አያምነውም። የእናቱን በር ሲያይ እጁ ይከፍታል። የልጁን ቀሚስ መሬት ላይ ሲያይ እጁ ያነሣል። ያኔ ሁለተኛው ሰው «እጅህን» ይለዋል። ሥራው ይህ ብቻ ነው። «እጅህን» ማለት።

ብቻቸውን የወረዱም ነበሩ። አንዱ ከበሮ መቺው ነው። አንዱ ቆዳ ፋቂው ነው። አንዱ የእማማ ሐመልማል ልጅ አብሳዲ ነው። በተለያየ ቀን አንድ በአንድ ወረዱ፣ አልተመለሱም። የዋሻው ሰው ሸሹ አላቸው። በተለይ አብሳዲን ቀለዱበት። እናቱን ለእሾህ ዳርጎ ወደ ቆላ ጠፋ አሉ። እማማ ሐመልማል ይሰማሉ።  እሾሁን ያስተካክላሉ።

እንግዲህ አንድ ቀን እህሉ አለቀ። ጸዳለ አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ማልቀሷን ተወች። ወላጆች፣ ይህን ታውቃላችሁ። ልጅ ሲያለቅስ ደኅና ነው። የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው። ዘወንጌል ክንዷን ያዘ፤ የእሸት አገዳ የያዘ መሰለው።

የመውረድ ተራው የሱና የምናሴ ነበር። ምናሴ ግን እግሬን እሾህ ወግቶኛል ብሎ ተኝቷል።

«የትኛው እግርህ ነው?» አሉት እማማ ሐመልማል።

«ይሄኛው።»

«ትናንት ያኛው አልነበረም?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ምናሴም ራሱ ሳቀ። ግን አልተነሣም። ሌሎቹም ጣራውን አዩ፣ መሬቱን አዩ። ነገ ሰው ይፈለጋል፣ ነገ ይሁን አሉ። ዘወንጌል ልጁን አያት። ነገ የሚባለው ነገር ለእሷ ሩቅ ነው። አቅማዳውን አነሣና ወደ እሾሁ ሄደ።

«እጅህን ማን ይጠብቅልሃል?» አሉት አሮጊቷ።

«እኔው እጠብቀዋለሁ።»

«ልጄም እንዲህ ነበር ያለኝ» አሉ። እሾሁን ግን ሳቡለት። ጸዳለ በዚያን ሰዓት እግራቸው ሥር ተኝታ ነበር፤ ምን ይበሉ?

ወረደ። መንደሩ ጭር ብሏል። በሮቹ አንዳንዶቹ ተዘግተዋል፣ አንዳንዶቹ ገርበብ ብለዋል። የራሱን ቤት በሩቁ አየው፤ ፊቱን አዞረ። የትርሲት መቀነት ቁጥቋጦ ላይ እንደተሰጣ ቀርቷል። አየው። እጁ ተነሣ። «እጅህን» አለ ለራሱ፣ ድምፁን አሰምቶ። እጁ ወረደ። ጎበዝ! ጉድጓዱን ከፈተ፣ ገብሱን በአቅማዳው ሞላ፣ ምንም ሌላ ነገር ሳይነካ ተመለሰ። ደስ አለው። ሊሆን ነው እኮ። ልጁ ዛሬ በሶ ልትበላ ነው።

የገደሉ መንገድና የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ የሚገናኙበት ቦታ አንድ ሾላ አለ። እዚያ ሲደርስ ፀሐይዋ አናቱ ላይ ቆመች። ወፉ ዝም አለ። ነፋሱም ቆመ።

ያኔ ሰማው።

ምን ሰማ? እንጨት ድንጋይ ሲቧጭር።

መጀመሪያ ጆሮዬ ነው አለ። ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፣ ዛሬም ያው ነው አለ። ቆመ። ድምፁ ግን ከጆሮው ውስጥ አይደለም፤ ከበስተኋላው ነው። ደግሞ ቀረበ። ዞረ። መንገዱ ላይ አቧራ አየ። ትንሽ አቧራ። ከአቧራው ውስጥ የእግር ኮቴ ሰማ፤ እኩል የሚረግጥ፣ የማይቸኩል። ልቅሶ የለም። ቄስ የለም። ከዚያ ነጭ ነገር አየ። ኩታ ነው። ሰዎች ናቸው። እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ቃሬዛ ተሸክመዋል። ቃሬዛው ላይ በሰሌን የተጠቀለለ ሬሳ አለ።

ግን ሦስት ናቸው። የቃሬዛ እጀታ ስንት ነው? አራት። በአራተኛው በኩል ሰው የለም። ቃሬዛው ወደዚያ አዘንብሏል፤ ባዶው እጀታ መሬቱን እየቧጨረ ይመጣል።

እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ነበር? አዎን በሉ። እሱም መሮጥ ነበረበት። ሕጉን ያውቃል። ቸነፈሩን ያውቃል። ግን ያ ድምፅ! ሰው አጥቶ ብቻውን የጎተታት ትርሲት ዓይኑ ላይ መጣች። በየደጁ ሲዞር የተዘጉት በሮች መጡ። አሁን በሩ እሱ ነው። ይዘጋ?

አቅማዳውን ሾላው ሥር አስቀመጠ። ከመንገዱ ዳር ቆመ። ቃሬዛው አጠገቡ ሲደርስ እጁ ሄደ። «እጅህን» የሚለው ማን ነበር? ማንም። ትከሻውን አስገባ።

ቃሬዛው ቀና አለ። መቧጨሩ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮው ዐረፈለት።

ሸክሙ ቀላል ነው። ባዶ ነው የሚመስለው። አየ ድኻ፣ በረኀብ አልቆ ነው የሞተው አለ በልቡ። ትንሽ ሄዱ። ሸክሙ ጨመረ። ሟቹ ማነው ብሎ ጠየቀ።  ትንሽ ሄዱ። ሸክሙ ደግሞ ጨመረ። የቤተ ክርስቲያኑን መታጠፊያ አለፉት። ዘወንጌል መቃብሩ እኮ በዚህ ነው አላቸው።

«እኛ ወደ ላይ ነን» አለ ከጎኑ ያለው።

ድምፁን ያውቀዋል። የት ነው የሚያውቀው? ዞር ብሎ እጀታውን የያዘውን እጅ አየ። ትንሿ ጣት የለችም። በመንደሩ ትንሿን ጣቱን ማጭድ የቆረጠችበት አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አብሳዲ? ሸሸ አሉ እኮ።»

«ብቻዬን ነው የወረድኩት» አለ አብሳዲ። «ሁለት ሆነው ሲጎትቱት አየሁ። አዘንኩላቸው።»

 ፀሐይዋ ከአናት ትንሽ ዘንበል ብላ ነበር። ጥላ ከእግር ሥር የሚወጣበት ሰዓት ነው። ዘወንጌል አቀርቅሮ መሬቱን አየ። ተሸካሚው ስንት ነው? አራት። ጥላው ስንት ነው? አንድ። የማን ነው? የራሱ።

ሌላው ሁሉ ብርሃን ነው። ቃሬዛውም ጥላ የለው።

በዚህ መካከል ከሰሌኑ ውስጥ አንድ ሰው ተናገረ። ድምፁ የሞተ ሰው ድምፅ አይደለም። በበቅሎ ሲሄድ እንቅልፍ ወስዶት የነቃ ጌታ ነው የሚመስለው።

«ደረስን ወይ?»

«ትንሽ ቀረ» አለ አብሳዲ።

 ዘወንጌል እየሄደ ነው። እግሩ እኩል ይረግጣል፣ እንደነሱ።

«ይሄ ማነው?» አለ።

«እሱ ነው» አለ አብሳዲ። «እሱ እግር የለውም። እግሩ እኛ ነን። ለሦስት ገደሉ አልወጣ አለን። አራተኛ ስንጠብቅ ነበር።»

ገባችሁ? ቸነፈር በገዛ እግሩ አይሄድም። የሚሸከመው ሰው ነው። ክፉ ሰው ብቻ አይምሰላችሁ። አብሳዲ ክፉ ነበር? ዘወንጌልስ?

ቀና ሲል እሾሁ ታየው። ከእሾሁ በላይ የዋሻው አፍ ታየው። ያን ጊዜ ከላይ ቀጭን ድምፅ መጣ። ጸዳለ ነቅታለች።

«አባ!»

ሰሌኑ ተንቀሳቀሰ።

«ልጅ ሰማሁ» አለ በሰሌኑ ውስጥ ያለው። «ፍጠኑ።»

ፈጠኑ። ዘወንጌል እጁን ሊያነሣ ፈለገ፤ እጁ እምቢ አለ። ማንም አላሰረውም። የያዘው ያደገበት ነገር ነው። ቃሬዛ አይጣልም። አባቱ አልጣለም፣ አያቱ አልጣለም፤ ሬሳ መንገድ ላይ የጣለ ሰው በዚያ አገር ተሰምቶ አይታወቅም። ከላይ ደግሞ ጠራችው። አባ። የትርሲትን ፊት አየ። ይቅር በይኝ አለ። ትከሻውን አወጣ፣ ቃሬዛውን ጣለው።

የወደቀው ነገር ድምፅ እንደ ዛፍ ነው። ሰሌኑ ተዘረጋ። ውስጡ ማንም የለም። ሦስቱ ሰዎች ግን አሉ። ይቆጡ ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? አልተቆጡም። የሚያስፈራው ይህ ነው። እጀታቸውን እንደያዙ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቆመው ጠበቁ።

ዘወንጌል ሮጠ። እሾሁ ዘንድ ደረሰ። እማማ ሐመልማል አይተውት እሾሁን ሊስቡ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ አይንኩት አላቸው። እሾሁን ከውጭ ሆኖ በእግሩ ገፍቶ መልሶ አጠበቀው። ገብሱ ሾላው ሥር እንዳለ ነገራቸው። መንገድ ዳር ያስቀመጠው ከመንካቱ በፊት ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሆነው፣ በጠዋት ይውረዱለት፣ ቀትር ሳይሆን።

«ምንድነው የነካኸው?» አሉት።

«ቃሬዛ።»

 አሮጊቷ ቀስ ብለው ጠየቁት።

«አብሳዲን አየኸው?»

«አልሸሸም፣ እማማ። ሰው ሲያግዝ ነው የቀረው።»

እማማ ሐመልማል ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ስለ ልጃቸው ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው፤ ድምፅ አልነበረውም። ጸዳለ በእግራቸው መካከል አልፋ መጣች። በእሾሁ ቀዳዳ እጇን አሾለከች። ዘወንጌል እጆቹን ወደ ጀርባው አደረገ። ወደ ኋላው ሄደ። ሰውነቱ እሳት ሆኗል። ብብቱን ሲዳብሰው ጠጣር ነገር አገኘ።

ወደ ማታ ከታች ድምፁ ተነሣ። እንጨት ድንጋይ ሲቧጭር። አንድ እርምጃ ይወጣሉ፣ ያርፋሉ። አንድ እርምጃ ይወጣሉ፣ ያርፋሉ። ለሦስት ከባድ ነው። የሰው ትከሻ ሲጠራ ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ? ያሳክካል። የዘወንጌል ትከሻ ያሳክከው ጀመር። ያ እጀታ ባዶ መሆኑ አሳዘነው፤ አዎን፣ አሁንም አሳዘነው። ካሁን ወዲያ ትንሽ ቢጠብቅ እጁ ይሄዳል። እሱ ራሱ ያውቀዋል።

ሲነጋ ምናሴ ተነሣ። እግሩን ረስቶታል። ሌላ ሰው አስከትሎ ወረደ፤ አንዱ ላንዱ «እጅህን» እየተባባሉ ሄዱ። ዘወንጌል ከእሾሁ ውጭ፣ ከአንድ ግራር ግንድ ሥር ተቀምጧል። ሞቷል። ዙሪያውን ሣሩ ተረግጦ መሬት ሆኗል። በተረገጠው ላይ ደግሞ እንጨት የቧጨረው መስመር ዙሪያውን፣ ዙሪያውን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር እንዳደረ ይታያል። ከዚያ መስመሩ ወደ ታች ይመለሳል። ሰዎቹ ሳይነኩት በረጅም እንጨት አፈር ገፉበት። ገብሱን ሾላው ሥር አገኙት። ጸዳለ በላች። አደገች፣ ወለደች፣ አረጀች። ይህን ነገር ያወራችው እሷ ናት፤ ከእማማ ሐመልማል ሰምታ።

ቃሬዛውስ? እሱን ማን ቀበረው? ሦስት ሆነው ወረዱ፤ ዛሬም ሦስት ናቸው።

አንተ፣ በሩ አጠገብ ያለኸው። ነገ በቀትር ጭር ባለ መንገድ ስትሄድ ከኋላህ እንጨት ሲቧጭር ብትሰማ ምን ታደርጋለህ? እሮጣለሁ እንዳትለኝ። አትሮጥም። ደግ ሰው ነህ፤ አሁን እንኳ ቦታህን ለቀህ እዚያ ብርዱ ላይ የተቀመጥከው ለዚህ ነው። ያዘነበለውን ስታይ እጅህ ይሄዳል። ስለዚህ ብቻህን አትሂድ። እጅህን የሚጠብቅልህ ሰው ይዘህ ሂድ።

ዘወንጌል ሰው አልነበረውም። ያን ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መቧጨሩ አጠገቡ ሲደርስ፣ ኩታውን ቀደደ። በግራ እጁ ቀኝ እጁን ከግራሩ ግንድ ጋር አሰረ። ግራ እጁን የሚያስርለት ግን ማንም የለም። ጨርቁን ከግንዱ ጋር ጠመጠመበትና ቋጠሮውን በጥርሱ ስቦ አጠበቀ።